ባዶ የተባለው ሰማይ

ያን ሰሞን፣ ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ የማብሰያ ጋዝ ከከተማው ድራሹ ጠፍቶ ነበር። ላንቻ ያለው የኢዘዲን ሱቅ ከጓዳው እስከ በሩ በባዶ ሲሊንደር ተሞልቶ፣ ባለቤቱ ደጅ ላይ ወንበር አውጥቶ ቁጭ ብሏል። ደንበኛ ይመጣና "ገባ?" ይላል፤ ኢዘዲን "አልገባም" ይላል፤ ደንበኛው መንግሥትንም ኢዘዲንንም አንድ ላይ ረግሞ ይሄዳል። ሃያ ሁለት ዓመት ጋዝ ሲሸጥ የኖረ ሰው ጋዝ በሌለበት ቀን ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ጋዜጣ ይሰለቸዋል፤ ሰው ማማት ደስ ይለዋል፣ ግን ሃይማኖቱ ይይዘዋል። ስለዚህ ልጁ ኢኽላስ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወረቀቷን ታቅፋ መጥታ "አባ፣ ቁጭ ብለህ ስማኝ፣ ልለማመድብህ" ስትለው ከልቡ ደስ አለው።

ኢኽላስ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ ስትማር ቤተዘመዱ እሺ አለ። ማስተርስ ብላ የሰማይ ሳይንስ ስትጀምር ግን ተንጫጫ። ከሁሉም በላይ የተንጫጩት የኢዘዲን ታላቅ ወንድም ሐጂ መሐመድአሚን ናቸው። ሐጂ መርካቶ ውስጥ የጨርቅ ጅምላ መደብር አላቸው፤ ኢዘዲንን በልጅነቱ ከስልጤ አምጥተው ያሳደጉት፣ ይህችን ሱቅም ያስከፈቱት እሳቸው ናቸው። በሁለት ዓመት ያልቃል የተባለው ትምህርት ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ወንድማቸውን አስጠርተው በሁለት ሽማግሌ ፊት ቃል አስገቡት። ኢኽላስ በዚህ ዓመት ተመራቂ ካልሆነች ሰማዩን ትታ ቢሮ ትገባለች፤ ሐጂ የሚያውቁት ድርጅት ውስጥ ቦታው ተይዞላታል። ኢዘዲን "እሺ" አለ። በዚያ ቤተሰብ ሽማግሌ ፊት የተባለ እሺ ያለቀ ነገር ነው፤ ሰው ሱቁን ይሸጣል እንጂ ቃሉን አይበላም።

ይህን ኢኽላስም ታውቃለች። የመመረቂያ ጽሑፏ ማስረከቢያ አርብ ነው፣ ከነገ ወዲያ። ጽሑፉ አልቋል፤ የቀረው ኡራኤል ወስዶ ማስጠረዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የተጨነቀ ሰው አልነበረም።

ወረቀቶቹን ባዶ ሲሊንደሮቹ ላይ እየደረደረች ጀመረች። "አባ፣ እኛ ያለንበት ጋላክሲ አለ አይደል? ፍኖተ ሐሊብ። ማለቴ፣ በጠራ ሌሊት እንደ ወተት ፈሶ የሚታየው።"

"አገር ቤት እያለሁ አይቼዋለሁ። እዚህማ መብራቱ መች ያሳያል።"

"በእሱ ዙሪያ የሚዞሩ ትንንሽ ጋላክሲዎች አሉ። አጃቢ ነው የምንላቸው። እኔ ያጠናሁት አንዷን ነው፣ ሚጢጢዋን። ጥያቄው ምንድነው፣ አሁንም ኮከብ ትወልዳለች ወይስ አትወልድም? ኮከብ የሚሠራው ከጋዝ ነው።"

ኢዘዲን ቀና አለ። "ከጋዝ?"

"ከኛው ጋዝ አይደለም፣ ከሃይድሮጅን። ይቀዘቅዛል፣ በራሱ ክብደት ይሰበሰባል፣ ይታመቃል፣ ይታመቃል፣ መሃሉ ይግልና በቃ ይቀጣጠላል። ጋዝ ያላት ጋላክሲ ትወልዳለች። ጋዟ ያለቀባት አትወልድም፤ ያሏት ኮከቦች እያረጁ ይሄዳሉ።"

"ክብሪት የሚጭር ሳይኖር?"

"ማንም ሳይጭር።"

ኢዘዲን በዕድሜው ስለ ጋዝ ያልሰማው የለም፤ የፈነዳውን፣ የሰረቀውን፣ ውኃ የቀላቀለውን ሁሉ ሰምቷል። ይህን ግን አልሰማም ነበር። "ሱብሃነላህ" አለና ወንበሩን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

"ታዲያ ትንንሾቹ ወደ ትልቁ ሲጠጉ ጋዛቸው ይገፈፋል" ስትል ቀጠለች። "በትልቁ ዙሪያ ስስ፣ በጣም የጋለ ጋዝ አለ። እሱን ሰንጥቀው ሲሮጡ የነሱ ጋዝ መኪና ላይ እንደተጫነ ገለባ ወደ ኋላ ይበናል።"

"እንደ ካዛንቺስ ነዋ!" አለ ኢዘዲን። ቤታቸው ካዛንቺስ ነው፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፤ በየጊዜው አንድ ጎረቤት ቤቱ ፈርሶበት ጀሞ ወይም ሰሚት የሚሄድበት ሰፈር።

ኢኽላስ ሳቀች። "በለው! ስለዚህ የኔዋም ተገፍፋለች፣ ባዶ ናት ብዬ ነው የጻፍኩት።"

"ሄደሽ አላየሽ። በምን አወቅሽ?"

እጇን ዘረጋች፤ ከአውራ ጣቷ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣቷ ጫፍ። "ስንዝር። ሃያ አንድ ሳንቲሜትር። ቀዝቃዛ ሃይድሮጅን የትም ይሁን የት፣ ርዝመቱ ስንዝር በሚሆን የራዲዮ ሞገድ ይናገራል። ውጭ አገር ትልቅ ሳህን የመሰለ ቴሌስኮፕ አለ፣ እሱ ይሰማዋል። ቀንም ይሰማል፣ ራዲዮ ስለሆነ ፀሐይ አያግደውም። ከኔዋ ጋላክሲ ሞገዱ እዚህ እስኪደርስ አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ዓመት ይፈጅበታል።"

ኢዘዲን የገዛ እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አየው። ጋዝ ሲያነሣ የኖረ፣ ጣቶቹ የተቆለመሙ እጅ ነው። ከሰማይ ስንት ሺህ ዘመን ተጉዞ የሚመጣ ነገር በዚህች እጅ ልክ መሆኑ አስደነገጠው። ደስ የሚል ድንጋጤ ነበር።

"ሳህኑ ወደ ጋላክሲዋ ዞሮ ይለካል" አለች። "ግን የመሣሪያው የራሱ ጩኸት አለ፤ የኛም ጋላክሲ ጋዝ ከፊት ለፊት አለ። ስለዚህ ከጎኗ ወዳለው ባዶ ሰማይ ይዞርና እሱንም ይለካል። ከዚያ ባዶውን ከመጀመሪያው ትቀንሳለህ። የሚተርፈው የሷ ነው። እኔ ስቀንስ ይኸው፣ ምንም አልተረፈም።" ቀጥ ያለ መስመር የተሰመረበት ወረቀት አሳየችው።

ይህን ሥራ ኢዘዲን ያውቀዋል። ሙሉውን መዝኖ ባዶውን መቀነስ፤ ሌላ ምን ሲሠራ ኖረና! እንዲያውም ልጁ በእሱ ሙያ መግባቷ ትንሽ ኩራት ቢጤ አሳደረበት። ክፋት አስቦ አልነበረም፣ እንዲያው እንደ ባለሙያ ጠየቃት።

"ያ ባዶ ያልሽው ሰማይ፣ ባዶ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"ፎቶው ላይ ጥቁር ነው፣ አባ። አንድም ኮከብ የለበትም። እኔ ራሴ ነኝ የመረጥኩት።"

"ጋዝ በፎቶ ይታያል እንዴ?"

ኢኽላስ መስመር ያለበትን ወረቀት አንሥታ አየችው፣ አስቀመጠችው፣ እንደገና አነሣችው።

ኢዘዲን ዝም ያለ ሰው ፊት መቀመጥ አይችልም። ዝምታውን የሚሞላበት ሲያጣ፣ ለሚስቱ ለሀምዲያ እንኳ ነግሮት የማያውቀውን ነገር አወጣው። ሱቁን በከፈተ በሦስተኛው ዓመት ነው። የሲሊንደር ባዶ ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጾ ይመጣል፤ የብዙዎቹ ግን ዝገት በልቶት አይነበብም። ስለዚህ ኢዘዲን አንዲት ሴት "አለቀ" ብላ ከመለሰችው ሲሊንደር አንዱን መርጦ ጥግ አቆመና መለኪያ አደረገው። ሙሉ የተባለ ሁሉ በእሱ ተቀንሶ ይመዘናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመጣው ጋዝ ሁሉ ሁለት ኪሎ እየጎደለ አስቸገረው።

"የሚያመጣልኝ ወልዱ የሚባል ሹፌር ነበር። ሌባ አልኩት፣ ኢኽላስ። እዚህ በር ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ እያየ። በልጆቹ ማለ፤ አላመንኩትም። ለመሥሪያ ቤቱ ጻፍኩበትና አባረሩት። በዓመቱ ያንን መለኪያ ያደረግኩትን ሲሊንደር ቫልቩ ተበላሽቷል ብዬ ለጠጋኝ ሰጠሁት። ሲፈታው ጋዙ እየጮኸ ወጣ፤ ቢወጣ ቢወጣ አላልቅ አለ። ለካ ቫልቩ ተደፍኖ ነው እንጂ አላለቀም ነበር። ባዶ ያልኩት ሁለት ኪሎ ጋዝ ይዞ ዓመት ሙሉ ጥግ ቆሟል። ሁሉ ጎደለ ያልኩት በሱ ስለቀነስኩ ነው።"

"ወልዱስ?"

"አላገኘሁትም" አለ ኢዘዲን። አልፈለገውም ነበር። ፊቱን ማየት ፈርቶ አልፈለገውም፣ እውነቱ ይህ ነው፤ ያን ቀን ለልጁ ሁሉንም ነግሮ ይህችን ብቻ ዋጣት።

ኢኽላስ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ገብታ ነበር። "ሌላ ቦታም ተለክቷል" አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። "ራቅ ያለ። ሳህኑን ለመፈተሽ ብለው የለኩት ነው፤ ዳታው እኔ ጋ አለ። በሱ ብቀንስ..." ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል። "አባ፣ ጋዟ ተገፍቶ ወደ ጎን ከፈሰሰ፣ ጋላክሲዋም ላይ አለ፣ እኔ ባዶ ያልኩት ቦታም ላይ አለ ማለት ነው። ራሱን ከራሱ ነው የቀነስኩት።"

"ታዲያ አሁን ቀንሺዋ።"

"በኔ ኮምፒውተር ሦስት ሳምንት ይፈጃል። መብራት ካልጠፋ።"

አርብ ከነገ ወዲያ ነው። ኢዘዲን ያኔ ምን እንዳደረገ ገባው። ምላሱን ቆርጦ ቢጥላት በወደደ ነበር። የሦስት ዓመት ልፋት በር ላይ ደርሶ እሱ በአንድ ጥያቄ መለሰው።

"ማንም አይጠይቀኝም" አለች ኢኽላስ። "ፈታኞቹም የሚያዩት ያንኑ ፎቶ ነው። አስረክቤ፣ ተመርቄ፣ በኋላ ቀስ ብዬ ማየት እችላለሁ።"

እዚህ ላይ ኢዘዲንን ጻድቅ ማድረግ አይቻልም። "አዎ፣ እንዲያ አድርጊ" የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። የሐጂ ፊት ታየው። የሽማግሌዎቹ ፊት ታየው። ግን አላወጣውም፤ ከመስጊዱ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ ኢኽላስ ወረቀቶቹን ከሲሊንደሮቹ ላይ መሰብሰብ ጀመረች።

"ሰማያዊ ኮከቦች አሏት" አለች በመጨረሻ። "አሥራ አንድ። ሰማያዊ ኮከብ ቶሎ ነዶ የሚያልቅ ነው፣ ስለዚህ ካየኸው አዲስ የተወለደ ነው። እኔ ግን ጋዝ የላትም ስላልኩ፣ እነዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ተዋህደው ወጣት የመሰሉ አሮጌዎች ናቸው ብዬ ጻፍኩ። እንዲያ ዓይነትም አለ፣ አስተማሪዬም አሳማኝ ነው አሉኝ። ግን አባ፣ ሕፃን ሲያለቅስ እየሰማሁ ቤቱ ሰው የለበትም ብዬስ ቢሆን?"

ኢዘዲን ለሶላት ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። "እንደገና መዝኚው።"

"ሐጂስ?"

"ሐጂን ለኔ ተይልኝ" አለ፣ እንደ ጀግና።

አርብ አለፈ። የኢኽላስ አስተማሪ ዶክተር ወልደአማኑኤል በስልክ መጀመሪያ ጮኹባት፣ ከዚያ "ሥሪው" ብለው ዘጉ። ትምህርት ክፍሉ ምርቃቷ ለሚቀጥለው ዓመት መተላለፉን በደብዳቤ ነገራት። ወሬው መርካቶ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም፤ ሐጂ ቅዳሜ ደወሉ። "የትምህርት ማስረጃዋን አዘጋጅ። ሰኔ አጋማሽ ላይ መጥቼ ወስጄ ራሴ አስገባላታለሁ።" ኢዘዲን ሐጂን ለኔ ተይልኝ ያለው ሰው ነው። ስልኩን ይዞ "እሺ፣ ሐጂ" አለ። አርባ ዓመት እሺ ያለ ምላስ ሌላ ቃል አላገኘም። ለልጁም አልነገራት፤ ማስረጃዋን ከቁም ሣጥን አውጥቶ በፖስታ ሱቁ ውስጥ መሳቢያ ከተተው።

በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ካዛንቺስ መብራት አሥራ አራት ጊዜ ጠፋ፤ ኢኽላስ ቆጥራዋለች። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ከግማሽ ትጀምራለች። ጋዝ ወደ ከተማው ገባ፣ ኢዘዲን ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ሆነ፣ እሱም ቀኑን ሙሉ ሲመዝን ይውላል። አንዳንዴ ሲሊንደር ሚዛን ላይ አቁሞ ሳለ ያቺ ትንሽ ጋላክሲ ትታወሰዋለች፤ ይቆማል፤ ደንበኛው "ምነው፣ ጎደለ?" ይለዋል።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኢኽላስ አዲሱን ወረቀት ኡራኤል አሳትማ በእግሯ መጣች። ታክሲ መጠበቅ አልቻለችም። ሰልፉን አልፋ ገባችና ወረቀቱን በሁለት እጇ ዘረጋችለት፤ እያለከለከች ነው፣ ቃል አይወጣትም።

የዛሬው መስመር ቀጥ ያለ አልነበረም። ከግራ ተነሥቶ እየሄደ እየሄደ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ጉብ ይላል። ለስላሳ፣ ክብ ጉብታ፤ ከዚያ ወርዶ እንደገና ይተኛል።

"እሷ ናት?" አለ ኢዘዲን።

"ጋዟ ነው። አለ፣ አባ። ቢመዘን ሦስት መቶ ሺህ ፀሐይ ይወጣዋል። ካሏት ኮከቦች ሁሉ ድምር ይበልጣል። ወደ ጎን ረጅም ጅራት አለው፤ እኔ ባዶ ያልኩት ቦታ ድረስ ይሄዳል። ትልቁ መግፈፍ የጀመረው ገና አሁን ነው። እየተገፈፈች እየወለደች ነው። አሥራ አንዱም... አሥራ አንዱም አዲስ ናቸው።" ማልቀስ ጀመረች።

ኢዘዲን ወረቀቱን ያዘ። ሰው የሚባል ነገር ምድር ላይ ኖሮ እንደሆነ አላህ በሚያውቀው ዘመን፣ ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳይጭር፣ ያ ጋዝ ተሰብስቦ እሳት ሆኗል። ከዚያ ተነሥቶ ስንዝር በምታህል ሞገድ ጨለማውን ሁሉ አቋርጦ ይኸው ላንቻ ድረስ መጥቷል፣ ባዶ ነው ሲባልም ዝም ብሎ መጥቷል። ኢዘዲን ፈራ። ሐጅ ሄዶ የማያውቅ ሰው ነው፤ አሁን ግን ካዕባን ያየ ያህል ሆኖ ተሰማው። ከሰልፉ ውስጥ አንዷ "ኧረ ተራ!" ብላ ጮኸች። አልሰማትም።

የሐጂ መኪና የቆመችው ያን ጊዜ ነው። ሐጂ መሐመድአሚን በትራቸውን ይዘው ገቡ፤ የምታለቅሰውን ልጅ አዩ፣ ወንድማቸውን አዩ። "ነግረሃታላ። አይዞሽ ልጄ፣ ቢሮው ጥሩ ቦታ ነው" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "ማስረጃዋን አምጣ።"

ኢኽላስ ወደ አባቷ ዞረች። ገና አሁን መስማቷ ነው።

ኢዘዲን መሳቢያውን ሳበ፣ ፖስታውን አወጣ። ለሐጂ አልሰጣቸውም፤ ለልጁ ሰጣት።

"ሐጂ፣ ቃሌን በልቻለሁ" አለ።

ሰልፈኛው አንገቱን ወደ ውስጥ አሰገገ። ሐጂ ያልሰሙ መሰሉ። "በሽማግሌ ፊት የሰጠኸውን?"

"በሽማግሌ ፊት የሰጠሁትን። ከፈለጉ ይጥሩልኝ፣ እነሱም ፊት እደግመዋለሁ። እሷ አልወደቀችም። እኔ ነኝ የበላሁት።"

ሐጂ ወንድማቸውን አዩት። ከዚያ ዓይናቸው እጁ ላይ ወዳለው ወረቀት ሄደ። "ምንድነው እሱ?"

ኢኽላስ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ነገረቻቸው፤ ሲሊንደር ላይ ደገፍ ብለው ሰሙ። አንድም ጊዜ አላቋረጧትም፤ ይህ በሐጂ ታሪክ ያልተለመደ ነው።

"ይህን ስንት ሰው ያውቃል?" አሉ ስትጨርስ።

"እኔ፣ አስተማሪዬ፣ አባ። አሁን ደግሞ እርስዎ።"

"በአዲስ አበባ ነው የምትዪኝ?"

"በዓለም፣ ሐጂ።"

ሽማግሌው ጉብታውን በጣታቸው ጫፍ ነኩት፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምን እንዳሉ አልተሰማም። ከዚያ ወረቀቱን መለሱላት። "አንቺ ጨርሺው" አሏት። በትራቸውን አንሥተው በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ዞር ሳይሉ፣ "ኢዘዲን፣ አንተን ግን ከእንግዲህ ቃል ስጠኝ አልልህም" ብለው ወጡ።

ያሳደጉት ሰው ናቸው እንዲህ ያሉት። ኢዘዲን መኪናዋ ወደ ወሎ ሰፈር አቅጣጫ እስክትጠፋ ቆሞ አየ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከወንድሙ ሰምቶ አያውቅም። መልሰህ ጀምር ቢሉት ግን ያንኑ ያደርግ ነበር፣ ይህንን እርግጠኛ ነበር። ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ወደ ልጁ ተመለሰ።

"ጅራቷ የቱ ጋ ነው ያልሽኝ?" አላት። "እስኪ አሳዪኝ።"